ቀይ ቀበሮ፣ በግና የቤት ጣጣ፦ ለልጆች ልቦለድ የሚጽፍ ሰው ከመንዝ ጓሳ ምን ያገኛል?

ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ለልጆች የሚጻፍ ልቦለድ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከመጨረሻው ገጽ ነው። ጸሐፊው «የዱር እንስሳት ሀብታችን ናቸው» የሚለውን ቃል አስቀድሞ ይቋጥርና ወደ ኋላ ተመልሶ ልጅ ይፈልግለታል፤ ጠመንጃ ያነገተ ክፉ ሰው ይፈልግለታል፤ ዓይኑ የሚያሳዝን እንስሳ ይፈልግለታል። የዐሥር ዓመት አንባቢ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ይነቃበታል። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ የግብረገብ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ደወል ሲደወል ይዘጋል።

የቤተሰቡ ችግርም ለብቻው መጥቶ ለብቻው ይሄዳል። አባት ሥራ ፍለጋ ከተማ ወርዷል፣ እናት ታማለች፣ ልጁ ከትምህርት ቀርቷል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ምዕራፍ ይነገርና እንስሳው ብቅ ሲል ይረሳል። ጉድለቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። እንስሳውን የሚያስርበውና ቤተሰቡን የሚያስርበው ነገር በአንድ ሜዳ ላይ ካልተገናኘ፣ ልቦለዱ ሁለት ግማሽ መጽሐፍ ይሆናል። የተገናኘበትን ቦታ መፍጠር ደግሞ አያስፈልግም፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ መንዝ ጓሳ አለ።

ጓሳ መጀመሪያ የሣር ስም ነው፤ ቦታው ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ከባሕር ጠለል ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ውርጫም አምባ ላይ ይበቅላል። መንዜ በዚህ ሣር ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይገምዳል፣ ለእረኛ የዝናብ ገሳ ይሠራል፣ ለግድግዳ ጭቃ ሲያቦካ ይጨምረዋል። ከሣሩ ሥር ደግሞ አይጥና ፍልፈል ይርመሰመሳል፤ ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በእነሱ ነው። ስለዚህ ጣሪያው የሚያፈስስበት አባወራ ማጭዱን ይዞ ሲወጣ የሚያጭደው የራሱን ጣሪያ ብቻ አይደለም፤ የሌላውንም ጓዳ ነው። ለልብ ወለድ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም፤ ማንም ክፉ ሳይሆን ሁሉም ይጣላሉና።

ሁለተኛው ስጦታ የቄሮ ሥርዓት ነው። (ቃሉ ዛሬ ሌላ ትርጉም ስላለው ጸሐፊው ገና ሲጠራው ማፍታታት አለበት፤ አለዚያ አዲስ አበባ ያለ አንባቢ ሌላ መጽሐፍ ማንበብ ይጀምራል።) የመንዙ ቄሮ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ የሚነገርለት የጓሳ አጠባበቅ ደንብ ነው። የአስቦና የጌራ ወገኖች፣ የዘር ሐረጋቸውን ከአቅኚ አባቶቻቸው እየቆጠሩ፣ የመጠቀም መብታቸውን ይካፈሉ ነበር። አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል ሹም ከመካከላቸው ይመርጣሉ፤ ሹሙ ጓሳውን ይዘጋል፣ ያስጠብቃል፣ ይከፍታል። ሲዘጋ ግጦሽም፣ አጨዳም፣ ማገዶም የለም፤ አንዳንዴ ከ3 እስከ 5 ዓመት ተዘግቶ ይቆይ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስት ሲቀር ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሣሩ የሁሉም ሲሆን ጠባቂ አጣ። በኋላ ሕዝቡ ኮሚቴ አቋቁሞ መልሶ ያዘው፤ ዛሬ ቦታው በሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው።

ይህን ታሪክ በመግቢያ የሚደረድር ጸሐፊ ይከስራል። የታሪኩ ቦታ ሰው አፍ ውስጥ ነው፦ አያት የቄሮን ዘመን ያውቃሉ፣ አባት የፈረሰበትን ዘመን ሰምቶ አድጓል፣ ልጅቱ የምታውቀው ዩኒፎርም የለበሰውን ጠባቂ ብቻ ነው። ሦስቱ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ሲቀመጡ «የማን ሣር ነው?» የሚለው ጥያቄ ያለ ማብራሪያ ይነሣል። የተዘጋ ሜዳ ደግሞ ለልጆች መጽሐፍ እንደ ተቆለፈ ሳጥን ነው። ጣሪያው ክረምቱን አይዘልቅም፣ ጓሳው እስከ በጋ አይከፈትም፤ አንድ ሌሊት ማጭድ ይዞ የሚገባው ሰው ከሩቅ የመጣ አዳኝ ሳይሆን የልጅቱ አጎት ቢሆን፣ አንባቢው ማንን ይጥላ? እሱን ለአንባቢው መተው ነው።

አሁን ወደ እንስሳው። የመጀመሪያው ወጥመድ ስሙ ነው። በእንግሊዝኛ ያለውን ስም መልሰው ተርጉመው «የኢትዮጵያ ተኩላ» የሚሉ አሉ። ለአማርኛ ልጅ ተኩላ ማለት የበግ ለምድ የለበሰው፣ በወንጌሉም በተረቱም የተረገመው ነው፤ ከገጽ አንድ ጀምሮ ጥላቻው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። «ቀበሮ» ብቻ ሲባል ደግሞ የተረቱ ብልጣ ብልጥ ይመጣል። የአገሬው ስም «ቀይ ቀበሮ» ነው፤ እሱን መያዝ ይበጃል። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ በጓሳ ዙሪያ ሌላ ግራጫማ ቡናማ፣ ተኩላ የሚባል አውሬ አለ፤ በግ ላይ በመድፈር ይበልጥ የሚከሰሰውም እሱ ነው። ቀይ ቀበሮ እግረ ረጅም፣ አፈ ሹል፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ ጅራቱ ጎፍላላ ሆኖ ጫፉ ጥቁር ነው። ሲመሽና ጭጋግ ሲወርድ ሁለቱ ይምታታሉ። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ከዚህ ስሕተት ሊወጣ ይችላል፦

«አባባ፣ ያዩት ጅራቱ ጥቁር ነበር?»

«ጅራቱን ማን አየ፤ የሄደበትን ነው ያየሁት።»

«እንግዲያው ቀይ መሆኑን በምን አወቁ?»

በንግግሩ ውስጥ የልጅቱን አክብሮት ልብ ይሏል። የመንዝ ልጅ አያቷን በአንቱታ ትጠይቃለች፤ ጥያቄዋ ግን አይለዝብም። ከተማ የተጻፉ መጻሕፍት ላይ እረኛ ልጅ አባቱን «ዳዲ» ሲል ማየት የሚያስቅ ነው፤ ግን ታትሞ ሲወጣ አያስቅም።

ሁለተኛው ወጥመድ ጠባዩ ነው። «ቀበሮዎቹ በጨለማ ተሰልፈው በረቱን ከበቡ» የሚል ዐረፍተ ነገር የውሸት ነው። ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ ይኖራል፣ ድንበሩን ከወገኑ ጋር ጠዋትና ማታ እየዞረ ይጠብቃል፤ አደን የሚወጣው ግን ብቻውን፣ በቀን፣ አይጦቹ ከጉድጓድ በሚወጡበት ሰዓት ነው። ባሌ ላይ በተደረገ ጥናት ከምግቡ ከ95 በመቶ በላይ የዐይጥ ወገን ሆኖ ተገኝቷል። አልፎ አልፎ ግልገል አይነካም ማለት አይደለም፤ ይህንን ፈጽሞ የሚክድ መጽሐፍም በእረኛ ልጅ ፊት አመኔታ ያጣል። አንድ ግልገል ይጥፋ፤ ግን በአንዱ ግልገል ምክንያት ቤተሰቡ ምን ያህል እንደሚናጋ ይታይ፣ በማን እንደተበላም ይመርመር።

ከጓሳ ከተገኘው እውነት ሁሉ ለልጅ መጽሐፍ የሚስማማው ስለ ጭላዳ ያለው ነው። ቀይ ቀበሮ ሣር በሚግጥ የጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ ያድናል። በ2007 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ጓሳ ላይ ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ያህል ሲሳካለት፣ በጭላዳ መካከል ግን ከሦስቱ ሁለቱ ይሳካለታል፦ 25 በመቶ በዚያኛው፣ 67 በመቶ በዚህኛው። ትዕይንቱን ቀረብ ብሎ ማየት ነው። መቶ፣ ሁለት መቶ ጭላዳ ቁጢጥ ብሎ፣ በጣቱ ሣር እየነጨ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ይሄዳል። ቀበሮው እየሮጠ አይገባም፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ዝግ ብሎ፣ ግልገል ጭላዳዎቹን እንዳላየ ሆኖ ያልፋቸዋል። እናቶቹ ቀና ብለው አይተው ወደ ሣራቸው ይመለሳሉ። ከዚያ ጆሮው ወደ ፊት ይቀሰራል፣ አንድ እግሩ አየር ላይ ይቀራል፣ ሣሩ ውስጥ ይዘላል። ልጆች ይህንን ትዕይንት ካነበቡ በኋላ «ተማምነው ነው የሚኖሩት» የሚል ሐረግ አያስፈልጋቸውም፤ ጸሐፊው ቢጽፈው ይበላሻል። ይልቅ አጠገቡ ሌላ ነገር ይቀመጥ፦ ያው ጭላዳ ከሰዓት በኋላ ወርዶ የልጅቱን እናት ገብስ ይግጣል፤ ልጅቱ ጠዋት ስትደነቅበት የነበረውን መንጋ ማታ በወንጭፍ ታባርራለች።

ጠላት ማን ይሁን? በዚህ ዓይነት ልቦለድ ጠላቱ ጠመንጃ ያለው ሰው ይሆናል። ለጓሳ ግን ይህ ደካማ ምርጫ ነው። ቀይ ቀበሮን በአንድ ክረምት ሊጨርስ የሚችለው የቤቱ ውሻ ነው፤ ልጅቱ የምታፈቅረው፣ በጎቹን የሚጠብቅ፣ ስሙን እየጠራች ፍርፋሪ የምትጥልለት ውሻ። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀበሮ ይሻገራል፤ ቀበሮዎቹ ደግሞ በተገናኙ ቁጥር አፍ ለአፍ እየተላላሱ ሰላምታ የሚሰጣጡ ናቸውና አንዱ ከያዘው ቤተሰቡ ያልቃል። ባሌ ውስጥ ዌብ ሸለቆ ላይ በ1996 ዓ.ም. የተነሣው ወረርሽኝ በቦታው ከነበሩት ሦስት አራተኛውን ያህል ገድሏል። በመላው ኢትዮጵያ የቀረው ወደ 500 የሚጠጋ ብቻ እንደሆነ፣ ከኢትዮጵያም ውጭ በየትም እንደሌለ ሲታሰብ፣ በትንሹ የጓሳ መንጋ አንድ ያልተከተበ ውሻ ምን እንደሚያደርስ ይገባል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ በጎሽ ሜዳ የነበሩት ጠፍተዋል፤ አያት የሚያስታውሱት፣ ልጅቱ ግን የማታየው ሜዳ ለመጽሐፉ ይህ ሊሆን ይችላል።

በሽታው ለታሪኩ የራሱን ሰዓት ይዞ ይመጣል። ውሻው ሌላ ውሻ ከነከሰው በኋላ ምልክት ሳያሳይ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይቆያል። ስለዚህ ምዕራፍ አምስት ላይ ገበያ መንገድ ላይ የተነከሰ ውሻ ምዕራፍ ዐሥር ድረስ ጤነኛ መስሎ ከበጎቹ ጋር ወደ ጓሳ ይወጣል፤ አንባቢው ያውቃል፣ ልጅቱ ትጠረጥራለች፣ ማንም አይናገርም። ጠባዩ ይለወጣል፣ ከሰው ይሸሻል ወይም ያለ ምክንያት ይናከሳል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅተዋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ብዙውን ጊዜ በዐሥር ቀን ውስጥ ይሞታል። እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ ነገር መሳሳት የለበትም። መጽሐፉ ውስጥ ልጅ ከተነከሰ፣ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ነው፤ ክትባቱም ተከታታይ ስለሆነ ቀጠሮ አይታለፍም። ምልክት ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። አያት ጠበል ይሂድ ሊሉ ይችላሉ፤ በእሳቸው መቀለድ አያስፈልግም፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ጠበል ብሎ ሁለቱንም ማስኬድ ይቻላል። ቅደም ተከተሉን ግን የሚያዛባ መጽሐፍ ሰው ሊገድል ይችላል። መፍትሔው ቀላል መሆኑ፣ ውሻን በየዓመቱ ማስከተብ ብቻ መሆኑ፣ ታሪኩን አያደክመውም፤ ከሩቅ ቀበሌ ውሻ አስሮ ክትባት ቦታ ድረስ መጎተት ለአንዲት የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ የሙሉ ቀን ጀብዱ ነው።

በዚሁ ምክንያት ከሁሉ የሚወደደው ትዕይንት፣ እናቱ የሞተችበትን ቡችላ ቤት ወስዶ በወተት ማሳደግ፣ መቅረት አለበት። ልጅ የታመመ የዱር እንስሳ እንዲያቅፍ ያስተምራል። ደግሞም ውሸት ነው፤ በዓለም ላይ በአጥር ተይዞ የሚረባ ቀይ ቀበሮ የለም። እናት ብትሞትም ቡችላውን የሚያሳድጉት ሌሎቹ የቤተሰቡ አባላት ናቸው፤ ከሆዳቸው እያስመለሱ እስከ ስድስት ወር ድረስ ይመግቡታል። ልጅቱ ይህንን ከሩቅ፣ ከድንጋይ ጀርባ ታይ። የምታየውም ነገር ከራሷ ቤት ጋር ይገጥማል፦ አባቷ ሲሄድ እሷንም ከእናቷ ጋር ሆነው ያሳደጓት አክስትና አያት ናቸውና። ብቻ ይህን ተመሳሳይነት ጸሐፊው በቃል እንዳይናገረው።

የቤተሰቡን ችግር በተመለከተ «ድሃ ነበሩ» የሚለው አይሠራም። የሚሠራው ሒሳብ ነው። መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ጸሐፊው የቤተሰቡን በረትና ጎተራ በወረቀት ያውርድ። ለምሳሌ ዘጠኝ በግ፦ ስድስት እናት፣ ሁለት ሴት ጠቦት፣ አንድ ለፋሲካ የሚቀለብ ሙክት። ሙክቱ የማዳበሪያ ዕዳ ነው። ከእናቶቹ የሚሸለተው ጸጉር እናት ፈትላ ለባና፣ ለወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የምታቀርበው ነው። ጠቦቶቹ የደብተርና የጫማ ናቸው። አሁን አንዱን ያጥፋ፤ ሙክቱ ከጠፋ ማን ከትምህርት ይቀራል? ጠቦት ከሆነስ? አንባቢው የሚያስፈልገው «አንድ በግ ጠፋ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ነው፤ ያኔ አጎት ለቀበሮ ወጥመድ ሲያጠምድ አይፈርድበትም፣ ቢሆንም እንዲከሽፍ ይመኛል።

ጊዜውም የተሰጠ ነው። ደጋው መንዝ በልግ ላይ ይንጠላጠላል፤ በየካቲትና በመጋቢት የሚጠበቀው ዝናብ ከቀረ በሰኔና በሐምሌ የሚደርሰው ገብስ የለም፤ በሬ ይሸጣል፣ አባት ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ለቀን ሥራ ይወርዳል። ቀይ ቀበሮ የሚወልደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው፣ ውርጩ ሌሊት ውሃ በሚያረጋበት ወቅት ነው። ቡችሎቹ በሦስት ሳምንታቸው ከጉድጓድ ብቅ ይላሉ፤ ስድስት ወራቸው ሲሞላ ቤቱ ውስጥ ጎተራው ባዶ የሆነበት ጊዜ ይሆናል። ታሪኩን ከመስከረም ጀምሮ በሚቀጥለው ክረምት የሚጨርስ ጸሐፊ ልደትን ከመከር፣ ጡት መጣልን ከረኃብ ጋር ሳይለፋ ያጋጥማል። በዓላቱ፣ ጥምቀትና ፋሲካ፣ የምዕራፍ ምሰሶ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና መድረሱ፣ ከ2015 ማብቂያ ወዲህም ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸው የዚህ አገር ልጅ ሕይወት ነው። ሁሉም መጽሐፍ ሊሸከመው አይገደድም፤ ግን ታሪኩ በዚያ ዓመት ከተቀመጠ ዝም ማለት አይቻልም፤ ካልተፈለገ ዓመቱን መቀየር ይሻላል።

መፍትሔውስ? «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። ልጅቱ ብቻዋን ጓሳውን ካዳነች ተረት ሆነ። ምንም ካላደረገች ደግሞ መጽሐፉ የማን ነው? ልኩ ያለው ልጅ በእውነት የምትችለው ላይ ነው፦ እረኛ ስለሆነች ከጠባቂው በፊት ታያለች፤ የሞተ ቀበሮ ታገኛለች፤ ሳትነካው ቦታውን በድንጋይ ክምር ምልክት ታደርጋለች፤ ለጠባቂው ትናገራለች፤ የራሷ ውሻ እንደተነከሰም ትናገራለች። ይህ መጨረሻው ኑዛዜ ያስከፍላታል፣ ምክንያቱም ውሻውን የምታጣው በራሷ አፍ ነው። ስብሰባው ላይ ውሳኔውን የሚሰጡት አዋቂዎች ይሁኑ።

ስለ ልኩ ባጭሩ። ከ9 እስከ 12 ዓመት ላለ አንባቢ ወደ 18,000 የአማርኛ ቃል ይበቃል፤ በ16 ምዕራፍ ቢካፈል እያንዳንዱ ከ1,100 ቃል ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ጮክ ብሎ ሲነበብ ወደ 12 ደቂቃ ይወስዳል፤ በክፍል ውስጥ ለጥያቄ ጊዜ ይተርፋል። በኤ5 መጠን፣ በ13 ወይም በ14 ነጥብ ፊደል አንድ ገጽ 190 ቃል ያህል ይይዛል፤ ይህም ወደ 95 ገጽ ነው። ማተሚያ ቤት ትልቁን ወረቀት አጥፎ 16 ገጽ ያወጣልና ሥዕሉና መግቢያው ተጨምሮ 112 ላይ፣ ማለትም ሰባት እጥፍ ላይ፣ ማረፉ ባዶ ገጽ እንዳይከፈልበት ይረዳል።

ሥዓሊው የመጽሐፉን እምነት በአንድ ገጽ ሊያፈርሰው ይችላል። ቀይ ቀበሮን የከተማ ቡችላ አስመስሎ መሣል፣ ጭላዳን ተራ ዝንጀሮ ማድረግ የተለመደ ነው። ጭላዳው ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለበት ቀይ ምልክት አለው፣ ወንዱ ትከሻውን የሚሸፍን ጋማ አለው። ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ረጅም ግንድ ሆኖ አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞት ነው፤ በአበባው ዙሪያ ሌላ ዛፍ መደርደር አያስፈልግም፤ ጓሳ ላይ ያለው አስታና ጭረንፌ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች ናቸው። ረቂቁ ወደ ማተሚያ ቤት ሳይሄድ በፊት ጓሳ ዳር በግ ለሚጠብቁ ልጆች ጮክ ብሎ ይነበብ፤ ልጆቹ ሲስቁ ብቻ ሳይሆን ሲያቋርጡም ይመዝገብ። ጭላዳ ማታ ዛፍ ላይ አደረ የሚል ቦታ ላይ ካቋረጡ ልክ ናቸው፤ ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው።